እኩል ርዝመትና አንድ ዓይነት የመጨረሻ ፊደል ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በአምባሳደር አካባቢ የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ የሚጫወቱ ተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ወላጆችና መምህራን አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል።

የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ርዝመት የሚቆጠረው በምንድን ነው?

የሚቆጠረው ቃሉ በሚጻፍባቸው የላቲን ፊደላት ብዛት ብቻ ነው፤ በሚሰማው ድምፅም ሆነ ቃሉን በእኛ ፊደል ስንጽፈው በሚወጣው ቁጥር አይደለም። ሌሊት የሚል ትርጉም ያለው «ናይት» በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስት ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ተብሎ በአምስት ፊደል ይጻፋል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ አዋሕዶ ስለሚይዝ፣ በአማርኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል በጆሮው ቆጥሮ ቢያሳጥረው ሊያስገርመን አይገባም።

የመጨረሻው ፊደልም እንዲሁ የሚጻፈው እንጂ የሚሰማው አይደለም። ፍቅር ማለት የሆነው «ላቭ» ለጆሮ በቪ የሚያበቃ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ግን የመጨረሻ ፊደሉ ኢ ነው። ከዚህ በታች የእንግሊዝኛ ቃላትን እንደ አነባበባቸው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስቀምጠን፣ አጻጻፉ በሚያሻማበት ቦታ ፊደላቱን በየስማቸው እንጠራለን።

ቃላትን በርዝመትና በመጨረሻ ፊደል መለየት ለምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ ደረጃ ለጨዋታ ይጠቅማል። አርተር ዊን የተባለው ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ዎርልድ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን መስቀለኛ የቃላት እንቆቅልሽ ካወጣ ጀምሮ፣ የባዶ ሳጥኖቹ ቁጥርና ከሌላ ቃል ጋር የሚጋሩት አንድ ፊደል ለተጫዋቹ ዋነኛ ፍንጮች ሆነው ቆይተዋል። በስልክ የሚዘወተረው ዎርድል፣ ማለትም የተሰወረ ባለአምስት ፊደል ቃል በስድስት ግምት የሚፈለግበትና የተገኙት ፊደላት በቀለም የሚበሩበት ጨዋታም ያው ነው። ሁለተኛው ጥቅም ለትምህርት ነው፤ በዲክቴሽን ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚፈጸሙት በቃሉ ጫፍ ላይ ነው።

በቃላት መጨረሻ ላይ በብዛት የሚገኙት ፊደላት የትኞቹ ናቸው?

መልሱ በየትኛው የቃላት ዝርዝር እንደምንመለከተው ይለያያል። ብዙ ቁጥሮችንና የግሥ እርባታዎችን ሁሉ በያዘ ሙሉ ዝርዝር ውስጥ፣ ከባለአምስት ፊደል ቃላት መካከል አንደኛነቱን የሚይዘው ኤስ ነው። ባለአራት ፊደል ስም ሁሉ ማለት ይቻላል ኤስ ሲጨመርበት ባለአምስት ፊደል ስለሚሆን ነው።

የዎርድል ዝርዝር ግን ሌላ መልክ አለው። ጨዋታውን ጆሽ ዋርድል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለሕዝብ ሲያቀርበው ለመልስነት ተመርጠው የነበሩት 2,315 ባለአምስት ፊደል ቃላት ሲሆኑ፣ ተራ ብዙ ቁጥሮች በአመዛኙ እንዲወጡ ተደርገው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ420 በላይ የሚሆኑት በኢ፣ ከ360 በላይ የሚሆኑት በዋይ፣ ከ250 በላይ የሚሆኑት በቲ፣ ከ210 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በአር ያልቃሉ። በኤስ የሚያልቁት ግን አርባ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ በብዙ ቁጥር ስም መገመት የሚወድ ተጫዋች ዕድሉን ራሱ ያጠባል ማለት ነው።

በኢ የሚያልቁ ቃላት ለምን በዙ? ኢ የማይነበብ ከሆነስ ለምን ይጻፋል?

ኢ በቃል መጨረሻ ላይ ራሱ ባይነበብም ከእርሱ በፊት ያሉት ፊደላት እንዴት እንደሚነበቡ ይወስናል። በጣም የታወቀው ሥራው ከፊቱ ያለውን አናባቢ ማስረዘም ነው፦ «ፕሌት» (ሳሕን)፣ «ስቶን» (ድንጋይ)፣ «ስማይል» (ፈገግታ)፣ «ዋይት» (ነጭ) ሁሉም ባለአምስት ፊደል ሆነው በኢ ያልቃሉ፤ በሁሉም ውስጥ ኢ የሚሰማው በአናባቢው ርዝመት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ተማሪው «ዳንስ»ን እና «ሃውስ»ን ሲያገኝ ደንቡ የፈረሰ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ደንቡ አልፈረሰም፤ ኢ ሌሎች ሥራዎችም አሉት። በ«ዳንስ» እና በ«ቮይስ» (ድምፅ) መጨረሻ ላይ ሲ እንደ ኬ ሳይሆን እንደ ኤስ እንዲነበብ ያደርጋል። በ«ላርጅ» (ትልቅ) እና በ«ጀጅ» (ዳኛ) ላይ ደግሞ ጂ የ«ጅ»ን ድምፅ እንዲይዝ ያለዝበዋል። በ«ሃውስ» (ቤት)፣ በ«ሆርስ» (ፈረስ) እና በ«ነርስ» ላይ ኢ የተቀመጠው ኤስ የብዙ ቁጥር ምልክት እንዳይመስል ለመለየት ነው። በ«ቴብል» እና በ«አፕል» ላይ ከኤል በኋላ የመጣው ኢ ደግሞ የመጨረሻው ክፍለ ቃል ያለ አናባቢ ፊደል እንዳይቀር ያደርጋል። አምስቱንም ሥራ ያወቀ ተማሪ በኢ የሚያልቀውን ባለአምስት ፊደል ቃል በየፈርጁ ማስቀመጥ ይችላል።

በቪ፣ በጄ፣ በአይ፣ በዩ ወይም በኪዩ የሚያልቅ ቃል የለም ይባላል። እውነት ነው?

እንደ ልማድ እውነት ነው፤ እንደ ፍጹም ሕግ ግን አይደለም። የቪ ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ነው፤ በጥንቱ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ዩ እና ቪ እንደ አንድ ፊደል ይታዩ ስለነበር፣ በቃል መጨረሻ ላይ የቆመውን ምልክት ተነባቢ ነው ወይስ አናባቢ ብሎ መለየት ያስቸግር ነበር። ኢ በመጨረሻ ሲጨመርበት ግን የ«ቭ» ድምፅ መሆኑ ይታወቃል። «ጊቭ» (መስጠት)፣ «ሃቭ» (መያዝ፣ ያለው መሆን) እና «ላቭ» አናባቢያቸው ሳይረዝም በኢ የሚያልቁት ስለዚህ ነው። ዛሬ በቪ የሚያልቁት እንደ «ስፒቭ» ያሉ ጥቂት የአራዳ ቋንቋ ቃላትና ምሕጻሮች ብቻ ናቸው።

የ«ጅ» ድምፅ በመጨረሻ ሲመጣ በጄ ፈንታ ጂ እና ኢ ይጻፋሉ፤ በጄ የሚያልቁት እንደ «ራጅ» እና «ሃጅ» ያሉ ከሕንድ ቋንቋዎችና ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በአይ ፈንታ ደግሞ ዋይ ይገባል፤ «ታክሲ» እና «አሊባይ» በአይ ማለቃቸው ምሕጻር ወይም የውጭ ቃል ለመሆናቸው ምልክት ነው። በዩ የሚያልቁ የታወቁ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ በመጀመሪያው የዎርድል የመልስ ዝርዝር ውስጥ በዩ የሚያልቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እርሱም በደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ ረግረጋማ የወንዝ ቅርንጫፍን የሚጠራው «ባዩ» ነው። በኪዩ የሚያልቅ ቃል የሚፈልግ ሰው ከሀገር ስም ከ«ኢራቅ» በቀር ብዙ አያገኝም።

ልጄ «ሰኒ»ን በአንድ ኤን፣ «ሬኒ»ን በሁለት ኤን ትጽፋለች። በዋይ የሚያልቁ ቃላት ደንብ አላቸው?

አላቸው፤ ደግሞም ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ የሚያዝ ነው። ዋይ ስምን ወደ ቅጽል የሚለውጥ ቅጥያ ሆኖ ሲመጣ ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ቃሉ በአንድ አጭር አናባቢና በአንድ ተነባቢ የሚያልቅ ከሆነ ተነባቢው ይደገማል፤ «ሰን» (ፀሐይ) ባለሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ «ሰኒ» (ፀሐያማ) ባለአምስት የሚሆነው፣ «ፈን» ደግሞ «ፈኒ» (አስቂኝ) የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ከተነባቢው በፊት ሁለት አናባቢዎች ካሉ፣ ወይም ቃሉ በሁለት ተነባቢዎች የሚያልቅ ከሆነ ምንም አይደገምም፤ «ሬን» (ዝናብ) «ሬኒ»፣ «ዊንድ» (ነፋስ) ደግሞ «ዊንዲ» ይሆናሉ።

ሦስተኛው ሁኔታ ለቃላት ጨዋታ የሚጥም ነው። ቃሉ በማይነበብ ኢ የሚያልቅ ከሆነ ኢ ወጥቶ ዋይ በቦታው ይገባል፤ ርዝመቱ አይለወጥም፣ የመጨረሻ ፊደሉ ግን ይለወጣል። «ኖይዝ» (ጫጫታ) እና «ኖይዚ» (ጫጫታ የበዛበት)፣ «ሻይን» (ማብራት) እና «ሻይኒ» (የሚያብረቀርቅ)፣ «ስሞክ» (ጭስ) እና «ስሞኪ» (ጭሳማ) ሁሉም አምስት አምስት ፊደል ናቸው።

የዋይ አነባበብ ደግሞ በአብዛኛው በቃሉ ርዝመት ይታወቃል። እንደ «ስካይ» እና «ድራይ» ባሉ አጫጭር ባለአንድ ክፍለ ቃል ቃላት «አይ» ተብሎ ሲነበብ፣ እንደ «ሃፒ» እና «ስቶሪ» ባሉት «ኢ» ይባላል። ጉልበቱ በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ የሚወድቅባቸው «ሪፕላይ»፣ «አፕላይ» እና «ኢምፕላይ» ግን ባለአምስት ፊደል ሆነውም «አይ»ን ይዘው ይቀራሉ።

ታዲያ ዝርዝሩን ማሸምደድ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ከሦስት መቶ ስድሳ በላይ ቃላትን በዋይ ስለሚያልቁ ብቻ የሸመደደ ልጅ ሦስት መቶ ስድሳ ነገሮች ይዟል፤ ከላይ ያሉትን ሦስት ሁኔታዎች የተረዳ ልጅ ግን ያላያቸውን ቃላት ጭምር መጻፍ ይችላል። ዝርዝር ጥሩ የሚሆነው ደንቡን ለመፈተን ነው።

መጨረሻው በኬ፣ በሲና ኬ ወይም በሲ ብቻ እንደሚጻፍ እንዴት ይታወቃል?

ከአንድ አጭር አናባቢ በኋላ ሲና ኬ አብረው ይመጣሉ፦ «ብላክ» (ጥቁር)፣ «ክሎክ» (የግድግዳ ሰዓት)፣ «ትራክ» (የጭነት መኪና)፣ «ብሪክ» (ጡብ)። ከሁለት አናባቢዎች ወይም ከሌላ ተነባቢ በኋላ ኬ ብቻውን ይበቃል፦ «ስፒክ» (መናገር)፣ «ቲንክ» (ማሰብ)፣ «ድሪንክ» (መጠጣት)። ሁሉም ባለአምስት ፊደል ናቸው፤ ሁሉም በኬ ያልቃሉ።

በሲ ብቻ የሚያልቁት እንደ «ሙዚክ»፣ «ማጂክ»፣ «ቶፒክ» እና «ፓኒክ» ያሉ ከግሪክና ከላቲን የመጡ ባለሁለት ክፍለ ቃል ቃላት ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ሁልጊዜ በሲ አያልቁም ነበር፤ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ሙዚክ» በመጨረሻው ኬ ተጨምሮበት ስድስት ፊደል ነበር። ኬ በኋላ ከአጻጻፍ ወጣ፤ በአሜሪካ ይህ እንዲጸና የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ኖኅ ዌብስተር የጎላ ድርሻ ነበረው። የወጣው ኬ ዛሬም ቃሉ ሲረባ ተመልሶ ይመጣል፤ «ፓኒክ» ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲለወጥ ከሲ በኋላ ኬ ይጨመርበታል።

በዎርድል የመጨረሻዎቹን አራት ፊደላት አግኝቼ እንኳ እሸነፋለሁ። ምን ማድረግ አለብኝ?

ይህ የሚያጋጥመው በተለይ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ተከታትለው በሚያልቁት ቃላት ላይ ነው። «ኤይት» (ስምንት)፣ «ፋይት»፣ «ላይት»፣ «ማይት»፣ «ናይት»፣ «ራይት»፣ «ሳይት» እና «ታይት» በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ይለያያሉ። ግምቱ በጠቅላላው ስድስት ብቻ በመሆኑ፣ እነዚህን ስምንት ቃላት አንድ በአንድ መሞከር ዕድልን መለመን ነው።

የተሻለው መንገድ መልሱ ሊሆን የማይችል፣ ግን ብዙ የመጀመሪያ ፊደላትን በአንድ ጊዜ የሚፈትን ቃል መሠዋት ነው። «ፊልም» የሚለው ቃል በብዙ ቁጥር ሲጻፍ ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም እና ኤስን ይይዛል፤ ስለዚህ ከስምንቱ አራቱን በአንድ ግምት ይለያል። ከአራቱ አንዳቸውም ካልበሩ መግባት የሚል ትርጉም ያለው «ኤንተር» ኢን፣ ኤንን እና አርን ይፈትናል፤ እነዚህም ካልተገኙ የሚቀረው «ታይት» ብቻ ነው። በሁለት ግምት ስምንቱም ተለዩ ማለት ነው። የተገኙ ፊደላትን በቀጣዩ ግምት መጠቀም ግድ በሚሆንበት በከባዱ የጨዋታ ዓይነት ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ በዚያ የሚጫወት ሰው ወጥመዱን ሳይገባበት በፊት፣ ማለትም በሁለተኛው ግምት ላይ፣ ማሰብ ይኖርበታል። «ካች»፣ «ማች»፣ «ፓች» እና «ዋች»፣ እንዲሁም «ሳውንድ»፣ «ራውንድ» እና «ፓውንድ» የሚገኙባቸው ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ወጥመዶች ናቸው።

በመካከል ያሉት ጂ እና ኤች ለምን እንደማይነበቡ የሚጠይቅም ብዙ ነው። ጥንት ይነበቡ ነበር፤ ድምፃቸውም ከእኛ «ኽ» ጋር የሚቀራረብ ነበር። ድምፁ ከአፍ ጠፋ፤ አጻጻፉ ግን በኅትመት ጸንቶ ቀረ።

የብሪታንያና የአሜሪካ አጻጻፍ ሲለያይ የትኛውን ልቁጠር?

ልዩነቱ ሁለት ዓይነት ነው። «ሜትር»፣ «ሊትር» እና «ፋይበር» በሁለቱም አጻጻፍ አምስት ፊደል ናቸው፤ ብሪታንያዊው ግን በኢ ሲጨርሳቸው አሜሪካዊው በአር ይጨርሳቸዋል። በሌላ በኩል «ከለር» (ቀለም)፣ «ሌበር» (ጉልበት)፣ «ኦነር» (ክብር) እና «ፌቨር» (ውለታ) በሁለቱም በአር ያልቃሉ፤ ነገር ግን ብሪታንያዊው ከአር በፊት ዩ ስለሚጨምር ስድስት፣ አሜሪካዊው አምስት ፊደል ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ «ፌቨር» በአምስት ፊደል የዎርድል መልስ ሆኖ ሲወጣ የብሪታንያ ተጫዋቾች ያጉረመረሙት በዚህ ምክንያት ነበር።

በእኛ ከተማ ተማሪው ሁለቱንም ስለሚያገኝ፣ በመጽሐፉ ላይ የተማረውን ቃል ኮምፒውተሩ በቀይ ሲያሰምርበት ይደናገራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማቀላቀል ግን ተገቢ አይደለም።

ድምፃቸው አንድ ሆኖ፣ ርዝመታቸውም እኩል ሆኖ፣ በመጨረሻ ፊደል ግን የሚለያዩ ቃላት አሉ?

አሉ፤ ለዲክቴሽን መምህር ከእነዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ትክክል ማለት የሆነው «ራይት» በቲ ሲያልቅ መጻፍ ማለት የሆነው «ራይት» በኢ ያልቃል። ታላቅ እና መፈቅፈቅ የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለቱ «ግሬት»፣ ወገብ እና ማባከን የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለቱ «ዌስት»ም እንዲሁ በቲ እና በኢ ይለያሉ። መስበር የሆነው «ብሬክ» በኬ፣ የመኪና ፍሬን የሆነው «ብሬክ» በኢ፤ ሜዳማ የሆነው «ፕሌን» በኤን፣ አውሮፕላን የሆነው «ፕሌን» በኢ ይጨርሳሉ። ሁሉም አምስት ፊደል ናቸው። ልብ ብሎ ያየ ሰው ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ረጅሙን አናባቢ በማይነበብ ኢ ሲጽፈው፣ ሌላኛው በመካከል ሁለት አናባቢዎችን በማስቀመጥ እንደሚጽፈው ይገነዘባል። ከዚህ ወጣ ያለው የመጀመሪያው ጥንድ ብቻ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሥራውን የያዙት ጂ እና ኤች ናቸው።

ከዚህም የሚብሰው ድምፅ፣ ርዝመትና የመጨረሻ ፊደል ሁሉ አንድ ሲሆኑ ነው። ሰላም እና ቁራጭ የሆኑት ሁለቱ «ፒስ» በኢ፣ አረብ ብረት እና መስረቅ የሆኑት ሁለቱ «ስቲል» በኤል ያልቃሉ። እነዚህን የሚለያቸው የመካከሉ አናባቢ ብቻ ስለሆነ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ማጥናት ይሻላል።

የመጨረሻ ፊደላቸው አንድ የሆነ የእንግሊዝኛ ቃላት ቤት ይመታሉ?

የግድ አይመቱም። በአማርኛ ግጥም ስንኞቹ በአንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «ላ» በ«ላ»፣ ሲያልቁ ዓይንም ጆሮም ይስማማሉ፤ ፊደሉ ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟልና። በእንግሊዝኛ ግን የመጨረሻው ፊደል ስለ ድምፁ ምንም ላይናገር ይችላል። በኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚያልቁትን ባለአምስት ፊደል ቃላት ብንወስድ፣ ጠንካራ ማለት የሆነው «ተፍ»፣ ሳል ማለት የሆነው «ኮፍ»፣ ሊጥ ማለት የሆነው «ዶ»፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ማለት የሆነው «ባው» የመጨረሻ አራት ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው፤ አንዱም ከሌላው ጋር ግን ቤት አይመታም። ከላይ የተነገረው የጠፋው የ«ኽ» ድምፅ በአንዳንዱ ቃል ወደ «ፍ» ተለውጦ፣ በሌላው ጨርሶ ጠፍቶ ነው ይህ የሆነው።

ዝርዝሩን ራሴ ማውጣት የምችለው እንዴት ነው?

የተለመደው መዝገበ ቃላት በመጀመሪያ ፊደል ስለሚደረደር ለዚህ ሥራ አይመችም። ጆን ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1775 ቃላትን ከጫፋቸው ጀምሮ የደረደረ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነበር። ዛሬ ግን የቃላት ዝርዝር በአንድ ዓምድ ተደርድሮ በኤክሴል ካለ፣ በፊልተሩ ውስጥ «እኩል ይሆናል» የሚለውን ምርጫ ከፍቶ አራት የጥያቄ ምልክቶችን በተከታታይ መጻፍና ዋይን ማስከተል ይበቃል፤ እያንዳንዱ የጥያቄ ምልክት አንድ ማናቸውንም ፊደል ስለሚወክል፣ የሚመጡት በዋይ የሚያልቁ ባለአምስት ፊደል ቃላት ብቻ ይሆናሉ። በጥያቄ ምልክቶቹ ቦታ አንድ ኮከብ ምልክት ከገባ ደግሞ ርዝመቱ ሳይገደብ በዋይ የሚያልቀው ሁሉ ይመጣል። ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ በአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይህን መሞከር ይችላል።

ከጓደኛዬ ጋር ቃሉ «አለ፣ የለም» ብለን ብንከራከር ዳኛው ማን ነው?

ከመጀመራችሁ በፊት የተስማማችሁበት መዝገበ ቃላት ነው። ፊደላትን በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት የስክራብል ተጫዋቾች በሰሜን አሜሪካ የሚጠቀሙበት ዝርዝርና በሌላው ዓለም የሚሠራበት ዝርዝር አንድ ስላይደሉ፣ አንዱ የሚቀበለውን ቃል ሌላው ሊጥለው ይችላል፤ ዎርድልም በግምት የሚቀበላቸው ቃላት ለመልስነት ከመረጣቸው እጅግ ይበልጣሉ። በወረቀት የምትጫወቱ ከሆነ ከመዝገበ ቃላቱ ሌላ ሦስት ነገሮችን አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ብዙ ቁጥር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ የሰውና የሀገር ስም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም፣ የአሜሪካና የብሪታንያ አጻጻፍ ሁለቱም ይያዛሉ ወይስ አንዱ ብቻ። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሦስቱ በመጀመሪያው ላይ ነው፤ በኤስ የሚያልቅ ባለአምስት ፊደል ቃል ሲጠየቅ፣ ብዙ ቁጥርን የሚፈቅድ ተጫዋች ያለ ድካም ያሸንፋልና።